«እናያለን» ለሚል የሕንፃ አስተዳዳሪ ቁጥር ይዞ መሄድ

ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለብዙ ፎቅ የኪራይ ሕንፃ በዝቷል። ፊቱ መስታወት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ላይ ጥበቃ፣ ውስጡ ሊፍት ነው። ኪራዩም እንደዚያው። ተከራዩ ገብቶ ትንሽ ሲቆይ ግን ወሬው በየሕንፃው አንድ ነው፤ ውኃ አይወጣም፣ የመብራት ካርድ ቶሎ ያልቃል፣ መታጠቢያ ቤቱ ይሸታል፣ መኝታ ቤቱ ሻግቷል፣ ሰርቪስ ክፍያው ጨምሯል። አስተዳዳሪው ደግሞ «እናያለን» ይላል።

«እናያለን» የሚያዋጣው ቅሬታው ቁጥር ስለሌለው ነው። «ውኃ የለም» ላለ ሰው «ከተማው ነው የዘጋው» ማለት ቀላል ነው። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሁሉም ተኝቶ ሳለ ሮቶው በ40 ሴንቲ ሜትር ወርዷል» ላለ ሰው ግን ይህ መልስ አይሆንም።

ከመለካቱ በፊት አስተዳዳሪው የማን ሰው እንደሆነ ይለይ። ሕንፃው የአንድ ባለሀብት ከሆነ አስተዳዳሪው ተቀጣሪ ነው። ውላችሁ ከባለቤቱ ጋር ነውና ደብዳቤው ለባለቤቱ፣ ግልባጩ ለአስተዳዳሪው ይሄዳል። ቤቶቹ ለየብቻ የተሸጡበት ሕንፃ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሥር ይወድቃል። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የጋራ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ የባለቤቶች ማኅበር ኃላፊነት ነው። የማኅበሩ አባል አከራያችሁ እንጂ እናንተ አይደላችሁም፤ ስለዚህ አከራያችሁን ነው ወደ ማኅበሩ የምትገፉት። ብዙ ተከራይ የጥበቃውን ሰው ሲጨቀጭቅ ወራት የሚያልፉት ይህን ስለማይለይ ነው።

ወደ ውኃው እንግባ። በፈረቃ ውኃ የሚያገኝ ሕንፃ ከታች የመሬት ውስጥ ገንዳ፣ ከላይ ሮቶ፣ በመካከል ፓምፕ አለው። ከከተማው የመጣው ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከሮቶው በራሱ ክብደት ይወርዳል። መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። 16 ቤት፣ በየቤቱ 4 ሰው፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብትይዙ በቀን 3,200 ሊትር ይሆናል። ጣሪያው ላይ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ካለ፣ ሞልቶ ካደረ ሦስት ቀን ማድረስ አለበት። በአንድ ቀን ተኩል ካለቀ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ያልተቆጠረ ተጠቃሚ አለ። ያልተቆጠረው ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ያለው ካፌ ወይም መኪና አጣቢ ነው።

ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ የሌሊቱ ልኬት ይበቃል። ወለሉ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሮቶ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 25 ሊትር ገደማ ይይዛል። ማታ ፓምፑ እንዲጠፋ አስደርጉ፣ በገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ጥልቀቱን ለኩ፣ ሲነጋጋ ደግማችሁ ለኩ። 40 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 1,000 ሊትር ሄዷል ማለት ነው። ማንም በእንቅልፉ ይህን ያህል አይጠቀምም። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሽንት ቤት ሳጥን ውስጥ ያለው የጎማ ክዳን ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ያፈሳል። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውኃ ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩና ሳትለቁት 20 ደቂቃ ጠብቁ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከቀላ ጎማው ያፈሳል። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ማታ ይህን ቢሞክር አስተዳዳሪው «ተከራዩ ነው የሚያባክነው» የሚለው ወሬ እውነትም ይሁን ሐሰት በማግሥቱ ይለያል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፍሎተሩ፣ ማለትም በውኃው ከፍታ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ነው። ሮቶ ውስጥ ያለው ፍሎተር በደለል ሲያዝ ፓምፑን አያቆመውም፣ ውኃው በትርፍ ማስወጫው ወደ ጣሪያ ይፈሳል፣ በማግሥቱ ላይኛው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ይወጣል። የታችኛው ገንዳ ፍሎተር ሲበላሽ ደግሞ ፓምፑ ያለ ውኃ ይሠራና ይቃጠላል። ሁለቱም ከፓምፑ ዋጋ አንጻር ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ግን ማንም አስቀድሞ አይቀይራቸውም።

ፓምፑን በተመለከተ ደብረ ብርሃን የራሷ ጣጣ አላት። በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ቀላል ስለሆነ ፓምፕ ከታች ውኃ የሚስብበት ጉልበት ያንሳል። በባሕር ጠረፍ በሐሳብ ደረጃ 10 ሜትር የሚስበው እዚህ 7 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። የቧንቧው ርዝመትና መታጠፊያው ሲቀነስ ከ4 ወይም ከ5 ሜትር በላይ መጠበቅ አይገባም። ገንዳው ጥልቅ ሆኖ ፓምፑ ወለል ላይ ከተቀመጠ ገንዳው ሲጎድል አየር መሳብ ይጀምራል፣ ይጮኻል፣ አይገፋም። መፍትሔው ገንዳው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ ነው። ጥበቃው በየጠዋቱ በጆግ ውኃ ይዞ ፓምፑ ራስ ላይ ሲያፈስ ካያችሁት ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ አይዝም፣ ሌሊት ቧንቧው ባዶ ይሆናል። እሱን ቀይሩ ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። «ፓምፑ አርጅቷል፣ ተዋጡ» ሲባል ቶሎ እሺ አትበሉ።

ላይኛው ፎቅ ያሉት «ግፊት የለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው። ሮቶው ከሻወራቸው 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ 0.3 ባር ያገኛሉ። በዚህ ግፊት ወዲያው የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ላይነሣም ይችላል። ሮቶውን በብረት ማማ 1.5 ሜትር ከፍ ማድረግ 0.15 ባር ነው የሚጨምረው፣ ለወጪው አያዋጣም። ለላይኛው ፎቅ መስመር ብቻ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ውኃ ሲከፈት ከሚያስነሣው ፍሎው ስዊች ጋር መግጠም ይሻላል። ተከራይ በራሱ ቤት የግል ፓምፕ ሲገጥም ግን የጎረቤቱን ውኃ እየሳበ ነው፤ ይህን የሚከለክል አስተዳዳሪ ትክክል ነው።

መብራቱ ላይ ሁለት ነገር አለ፤ ሒሳቡና አደጋው። ከሒሳቡ ልጀምር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፣ ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለው ደግሞ የመጨረሻው እርከን ነው። 12 ቤት እያንዳንዱ በወር 150 ቢጠቀም በየራሱ ቆጣሪ ዝቅተኛ እርከን ላይ ይቆያል። አሥራ ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን ድምሩ 1,800 ነውና ሒሳቡ የመጨረሻው እርከን ውስጥ ይገባል። ማንም ሳያባክን ሁሉም እንደ አባካኝ ይከፍላል። ቆጣሪው በንግድ ስም የወጣ ከሆነ ደግሞ የምትከፍሉት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እንኳ አይደለም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት መጠየቅ ያለበት «መብራት አለው?» ሳይሆን «ቆጣሪው የዚህ ቤት ብቻ ነው? በምን ታሪፍ ነው?» ነው። አከፋፋይ ቆጣሪ አስገብተናል ካሉ፣ በዋናው ቢል ላይ የወጣውን ዋጋ እያዩ ነው ወይስ በራሳቸው ተመን የሚያስከፍሉት የሚለውን በቢሉ አረጋግጡ። ውኃም በብዙ ከተማ በእርከን ስለሚከፈል ያው ነው።

የራሳችሁ ካርድ ቆጣሪ ካለና ካርዱ ከቶሎም ቶሎ ካለቀ፣ ቤታችሁ ያለውን ብሬከር ሁሉ አጥፉና ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለዋን ቀይ መብራት እዩ። ሁሉ ጠፍቶ አሁንም ብልጭ ካለች ከቆጣሪያችሁ በኋላ የተቀጠለ ሌላ ሰው አለ፤ ብዙ ጊዜ የኮሪደር መብራት ወይም የጥበቃ ቤት ምድጃ ነው። ቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሆነ ተጽፏል። 1,000 ከሆነ 2 ኪሎዋት የሆነ ምድጃ ብቻ ስታበሩ በደቂቃ 33 ገደማ ብልጭ ማለት አለባት። 33 የሚጠበቅበት 45 ካሳየ ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ያዙና ጉዳዩን ወደ መብራት አገልግሎት ውሰዱት።

አደጋው የሚጀምረው ምጣድ ላይ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ተቋራጩ ለሶኬት የዘረጋው ሽቦ በአብዛኛው 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ ብሬከሩ 16 አምፔር ነው። ምጣዱ ብቻውን ጠርዝ ላይ ይደርሳል፣ ሶኬቱ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ብሬከሩን በ25 ቀይሮ «ተስተካክሏል» ካላችሁ ቤቱን ለእሳት አመቻቸው ማለት ነው፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሽቦው ደግሞ አልተቀየረም። ለምጣድ ከብሬከሩ ሣጥን ጀምሮ የብቻው ባለ 4 ካሬ መስመርና የ20 ወይም የ25 አምፔር ብሬከር ይዘርጋለት። ወዲያው የሚያሞቅ ባለ 5.5 ኪሎዋት ሻወር 25 አምፔር ስለሚፈልግ 6 ካሬ ይጠይቃል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 41 አምፔር ነው፤ ዋናው ብሬከር 32 ከሆነ ቅዳሜ እንጀራ ሲጋገር ሻወር የገባ ሰው በሳሙናው ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የአቅም ጉዳይ ነው። ባለ 50 ሊትር 1.5 ኪሎዋት ቦይለር ይሻላል፤ የደብረ ብርሃንን ቀዝቃዛ ውኃ ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ግን ምንም አያስጥልም። ቦይለሩ ሲያሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤናማ ነው፤ ለእሱ አስተዳዳሪ አትጥሩ።

አንድ ምልክት ግን ሌሊትም ቢሆን ያስጠራል። የእናንተ አምፑል በድንገት ከልክ በላይ ደምቆ የጎረቤት ከደበዘዘ፣ የሕንፃው ኒውትራል (የጋራ መመለሻ ሽቦው) ላልቷል። በዚያ ሰዓት 220 መሆን ያለበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ዋናውን ብሬከር ወዲያው አጥፉ፣ ጎረቤትም ያጥፋ፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ይደወል።

ሽታው ቀላል ነው። ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ቀዳዳ ሥር ሳይፎን አለ፤ ውኃ ይዞ ጋዙን ይከለክላል። የማትጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት ሳይፎኑ ይደርቅና ይሸታል፤ በሳምንት አንድ ሊትር ውኃ አፍስሱበት። ውኃ እየፈሰሰበትም የሚሸት ከሆነ የአየር ማስወጫው ቱቦ ጣሪያ ላይ ተደፍኗል ወይም ከጅምሩ አልወጣም፤ ይህ የአስተዳደሩ ሥራ ነው። የመዘጋት ነገር ሲመጣ ማን ይክፈል የሚለው ጠብ በአንድ ሙከራ ያልቃል። የእናንተ ብቻ ከዘገየ የቤታችሁ ቅርንጫፍ ነው፣ እናንተ ትከፍላላችሁ። ላይኛው ቤት ሲለቅ ምድር ቤት ያለው ሳህን ከተንቦጫረቀ ዋናው መስመር ተዘግቷል ወይም ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል፤ የሕንፃው ወጪ ነው። የኩሽናው መስመር በፍስክ ሰሞን የሚዘጋው ቅባቱ በዚህ ብርድ ቧንቧ ውስጥ ቶሎ ስለሚረጋ ነው፤ ድስቱን በወረቀት ጠርጎ ማጠብ ግማሹን ያስቀራል።

ሻጋታው ላይ ሁለቱም ወገን ይሳሳታል። ተከራዩ «ግድግዳው ያፈሳል» ይላል፣ አስተዳደሩ «መስኮት አትከፍቱም» ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላልና ፈትኑት። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቃችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ውኃው በክፍሉ በኩል፣ ማለትም ከላስቲኩ ላይ ከተንጠባጠበ ከእናንተ እስትንፋስ፣ ከማድቤቱ እንፋሎትና ቤት ውስጥ ከተሰጣ ልብስ የመጣ ነው። በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከሆነ ግድግዳው ራሱ ርሷል።

የመጀመሪያው ከሆነ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር አርቁ፣ ጠዋት 10 ደቂቃ መስኮት ክፈቱ። ሻጋታውን አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አጽዱት፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ግን አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ በሰሜን በኩል ያለ መኝታ ቤት ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ጨረር አያይም። ሳይሞቅ የሚያድር የ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ እንፋሎት ይረጋል። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ ያው ሕንፃ ቢሠራ ይህ ችግር ባልመጣ። ተከራዩ ብርዱን ለመቋቋም ከሰል አቀጣጥሎ ካስገባና መስኮቱን ከዘጋ ደግሞ ጉዳዩ ከሻጋታ ያልፋል፤ የአልሙኒየም መስኮት እንደ ድሮ ቤት አየር አያስገባም፣ የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ከሰል ክፍል ውስጥ አይደር።

ሁለተኛው ከሆነ መጀመሪያ የአልሙኒየሙን የታችኛውን ሐዲድ እዩ። በውጭ በኩል ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐዲዱ ውስጥ የገባው ዝናብ የሚወጣባቸው ናቸው። ቀለም ቀቢው በስቱኮ፣ ልስን ሠሪው በሲሚንቶ፣ አንዳንዴም መስኮት ገጣሚው ራሱ በሲሊኮን ይደፍናቸዋል። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ ሐዲዱን ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል፣ ከመስኮቱ ሥር ግድግዳው ያብጣል፣ ቀለሙ ይላጣል። በቀጭን ሚስማር ክፈቷቸውና አንድ ብርጭቆ ውኃ ሐዲዱ ላይ አፍስሱ፤ ወደ ውጭ ከወጣ ጨርሳችኋል። ያልተከፈተ ቀዳዳ ባለበት ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ አስተዳደሮች ግን በየዓመቱ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሊፍቱ ላይ ብዙ አልቆይም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሦስቱ ፌዝ (የመብራት መስመር) አንዱ ካልመጣ ወይም ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መቆጣጠሪያው ሆን ብሎ ይዘጋል፤ ያልተበላሸ ሊፍት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን በባልዲ ስታጥብ የሚወርደው ውኃ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ማብሪያዎቹን ያበላሻል። መብራት ሲጠፋ ወደ ቅርቡ ፎቅ የሚያደርሰው ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። ሰው ሳይኖርበት ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው እንዲሞክሩት ጠይቁ። ሰው ተይዞ ከሆነ በሩን በብረት መፈልቀቅ የለም።

አሁን ሰርቪስ ክፍያው። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የሊፍት ጥገና፣ የፓምፕና የኮሪደር መብራት፣ የሴፕቲክ ማስመጠጫ፣ የሮቶ ማጠቢያ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፤ ይህ ተዘርዝሮ በየወሩ በሩ ላይ መለጠፍ አለበት። የሚያጣላው ነዳጁ ነው፣ ደግሞም በቀላሉ ይረጋገጣል። ጄኔሬተሩ ላይ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ አለ፤ በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ፎቶ አንሡት። ባለ 50 ኬቪኤ ጄኔሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት ከ6 እስከ 7 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። 20 ሰዓት ከሠራ ከ120 እስከ 140 ሊትር ነው። ዝርዝሩ ላይ 400 ከተጻፈ ልዩነቱን ያስረዱ። «አልቻለም» የሚባለው ጄኔሬተርም ምክንያት አለው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ስለዚህ 50 ተብሎ የተገዛው ለሊፍቱ፣ ለፓምፑና ለካፌው ማቀዝቀዣ እኩል አይበቃም። ካፌው ከመስመሩ ይውጣ።

ይህን ሁሉ ከለካችሁ በኋላ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ለአንድ ችግር አንድ ወረቀት። «ቤት ቁጥር 302። ከግንቦት 3 ሌሊት 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ፓምፑ ጠፍቶ ሮቶው 40 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ የስድስት ቤት የሽንት ቤት ሳጥን ተፈትሾ አያፈስም። የጋራ መስመሩ እንዲፈተሽና እስከ ግንቦት 15 መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ላይ ተቀባዩ ቀንና ፊርማ ያኑር። አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩት ወይም በሕንፃው ቴሌግራም ቡድን ፎቶውን ለጥፉ። ብቻውን የሚጽፍ ተከራይ «አስቸጋሪ» ይባላል፣ የስድስት ቤት ፊርማ ያለበት ወረቀት ግን ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል።

ሕጉ ላይ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠየቅና ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማ ጠይቁ። ባንክ የከፈላችሁበት ደረሰኝ ግን የትም ቦታ ይጠቅማል።

ስትለቁ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱን ቆጣሪዎች ከአስተዳዳሪው ጋር አንብቡ። በመስኮቱ ሥር ያለውን እብጠት፣ የምጣዱን ሶኬት፣ የሽንት ቤቱን ሳጥን አብራችሁ እዩና በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። መያዣ ላይ ሲጨቃጨቁ የሚነሡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።